ያልተለካው ጆሮ

እህል ፈጭቶ ዱቄት ማውጣት ማንም የሚችለው ነገር ነው። ዱቄት መፈጨቱን በሦስት ቅጂ አስፈርሞ ፋይል ማድረግ ግን ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ ጸጋ ነው። ስለዚህ የቢቸናውን የ«ደቃቅ» ኅብረት ሥራ ማኅበር ወፍጮ ቤት ከዱቄት ወደ ወረቀት ያሸጋገሩትን የአቶ ቢያድግልኝን ገድል በሚገባው አክብሮት እንተርካለን። ታሪኩ ያልገባው አንባቢ ጥፋቱን በራሱ ያድርግ፤ ቅጽ ሳይሞላ ማንበብ ጀምሮ ይሆናል።

ወፍጮ ቤቱ ከዚያ በፊት ለዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ኋላ ቀር ነበር። ኋላ ቀርነቱም እንዲህ ይገለጻል፦ ሰው ጤፉን ያመጣል፤ ሀብትነሽ ትፈጨዋለች፤ ሰውየው ዱቄቱን በሁለት ጣቱ አሽቶ «እሰይ!» ይልና ወደ ቤቱ ይሄዳል። በቃ። ስብሰባ የለም። ራእይና ተልእኮ የለም። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የተባለው «እሰይ» ሁሉ፣ አንዱ እንኳ ሳይመዘገብ፣ ነፋስ ወሰደው። ይህን ያህል ብክነት ሲታሰብ አንጀት ይበላል።

ሀብትነሽ ሁለት ሥራ ነበራት፤ መፍጨትና መውቀር። የወፍጮ ድንጋይ ሲፈጭ ሲፈጭ ፊቱ ይለሰልስና ይዶለዱማል። ያን ጊዜ የላይኛውን ድንጋይ አንሥቶ፣ በመውቀሪያ ጠቅ ጠቅ እያደረጉ መልሶ ማሻከር ያስፈልጋል። መቼ እንደሚወቀር፣ የትኛው ጎኑ ጠበቅ የትኛው ላላ እንደሚደረግ ሀብትነሽ የምታውቀው በጆሮዋ ነው። ቆም ብላ ራሷን ዘንበል ታደርጋለች፤ «ደክሞታል» ትላለች፤ ሞተሩን ታጠፋለች። ሌሎች ሁለት ሰዎች ሞክረው ነበር። የእነርሱ ዱቄት ከቂንጬ የሚለየው በስሙ ብቻ ነበር።

የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ አቶ ቢያድግልኝ በዚህ ዓይነት ሲኖሩ ሲኖሩ፣ አንድ የካቲት ለለቅሶ ወደ ሞጣ ሄዱ። ሟቹን አያውቋቸውም፤ ለቅሶ ለመድረስ ሟቹን ማወቅ ግዴታ አይደለም። ከድንኳኑ ወጥተው ሲመለሱ ግን ልባቸውን የሰበረ ነገር አዩ። አንድ የሞጣ ወፍጮ ቤት በአጥሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ባነር ዘርግቷል፦ «ዓለም አቀፍ የጥራትና የአካባቢ ሥራ አመራር ሥርዓት በመተግበር ላይ እንገኛለን!» በሩ ተዘግቷል።

«ምነው ተዘጋ?» አሉ ዘበኛውን።

«ሥልጠና ላይ ናቸው፣ ጌታዬ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥቅምት።»

አቶ ቢያድግልኝ በሕይወታቸው ይህን ያህል የሠለጠነ ወፍጮ ቤት አይተው አያውቁም። ለሟቹ ያላፈሰሱትን እንባ እዚያ አጥር ሥር አፈሰሱት ይባላል። ወደ ቢቸና ሲመለሱ መንገዱን ሁሉ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ሞጣ ይቅደመን?»

ያንን ባነር ያሰቀለው አማካሪ ስጦታው ይባላል። በሳምንቱ ቢቸና ገባ። የመጀመሪያ ሥራውም ዕቃን ሁሉ መሰየም ሆነ። ሚዛኑ ላይ «ሚዛን» ተብሎ ተለጠፈ። በሩ ከውጭ «መግቢያ»፣ ከውስጥ «መውጫ» ተባለ፤ ለዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው እንዴት ይወጣ እንደነበር እስከ ዛሬ አልታወቀም። በወፍጮው ላይ «ቁጥጥር የሚደረግበት ድንጋይ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ሞተሩ ሲነሣ ወረቀቱ ተነቅሎ፣ ከወይዘሮ ፈንታነሽ ጤፍ ጋር ተፈጭቶ ሄደ። በማግስቱ በወይዘሮ ፈንታነሽ ቤት የተበላው እንጀራ በቢቸና ታሪክ የመጀመሪያው ቁጥጥር የተደረገበት እንጀራ ነው።

ቀጥሎ በአጥሩ ላይ እንደ ሞጣው ያለ ባነር ተሰቀለ፤ ግድግዳው ላይም በቀይ ቀለም መፈክር እንዲጻፍ ታዘዘ። መፈክሩ «ጥራት የህልውናችን መሠረትና የነገ ተስፋችን ነው!» የሚል ነበር። ቀለም ቀቢው ፊደሉን አግዝፎ ስለጀመረ የመጀመሪያው ቃል ብቻውን ግድግዳውን ጨረሰው። ከቃለ አጋኖው በቀር ለሌላ ነገር ቦታ አልተረፈም። ስለዚህ ግድግዳው ዛሬም የሚለው ይህን ብቻ ነው፦

ጥራት!

«ይበቃል» አሉ አቶ ቢያድግልኝ ራቅ ብለው እያዩት። «ቁም ነገሩ ገብቷል።»

ቁም ነገሩ ግን ገና አልገባም ነበር። ይህን ቃል እናቆየው።

በሦስተኛው ቀን ስጦታው መዝገቡን ይዞ ሀብትነሽ ፊት ተቀመጠ።

«ድንጋዩ መወቀር እንዳለበት በምን ታውቂያለሽ?»

«በድምፁ።»

«ምን ይላል?»

«የተሳለ ጊዜ ‹ሽሽሽ› ይላል። ሲዶለዱም ‹ህምም› ይላል፤ ጥርሱን እንደሚያመው ሰው።»

ስጦታው ጻፈ፦ ድንጋዩ ይናገራል።

«‹ህምም› ማለቱን በምን አረጋገጥሽ?»

«በጆሮዬ ነዋ!»

«እንግዲያስ ጆሮሽ የመለኪያ መሣሪያ ነው። ካሊብሬሽኑ መቼ ተሠራ?»

«ካሊ... ምን?»

«ልክ መሆኑ የተረጋገጠበት ቀን! ማን ነው ያረጋገጠው? ሰርተፍኬቱስ የታለ?»

ሀብትነሽ ጆሮዋን ዳበስ አደረገች። «ልጅ ሳለሁ እናቴ ለጥምቀት በስታኛለች» አለች። «ከዚያ ወዲህ የነካው ሰው የለም።»

ሥርዓቱ ግልጽ ነው። ልኩ ያልተረጋገጠ መሣሪያ ከሥራ ቦታ ይወጣል፤ «አገልግሎት አይሰጥም» የሚል ካርድም ይንጠለጠልበታል። ጆሮውን ከባለቤቱ መለየት ስላልተቻለ ካርዱ በሀብትነሽ አንገት ላይ ተንጠለጠለ።

«አይክፋሽ፣ ሀብትነሽ» አሉ አቶ ቢያድግልኝ። «ከዓለም ጋር ለመራመድ ነው።»

«ዓለም ጤፉን የት ነው የሚያስፈጨው፣ ጋሼ?»

«ይኼ አነጋገርሽ ራሱ ከሥርዓቱ ጋር አለመጣጣም ነው!» አሉና አስመዘገቡት።

ወዲያውም አዲስ የሥራ መደብ ተሰጣት፦ «የአካባቢ ተጽዕኖ ክትትል ባለሙያ»። አማካሪው የአካባቢ ጥናቱን ሲያካሂድ፣ በግቢው ውስጥ ከሁሉ የከፋው የአካባቢ ተጽዕኖ የጎረቤት ዶሮዎች መሆናቸውን ደርሶበታል። የፈሰሰ እህል ይለቅማሉ፤ ኩስ ይጥላሉ፤ ሲጠየቁም አይፈርሙም። ሀብትነሽ በር ላይ በርጩማ ይዛ የገባ ዶሮና የወጣ ዶሮ ትመዘግባለች። ማኅበሩ የሚጠብቀው የጥራት ሰርተፍኬት በመጣ ማግስት ግን መደቡ እንደሚታጠፍና እርሷም ከማኅበሩ እንደምትሰናበት በደብዳቤ ተገለጸላት። ዶሮዎቹ እስከዚያ በቂ ግንዛቤ ያገኛሉ ተብሎ ይታሰባል።

ደብዳቤውን አጥፋ በመቀነቷ ቋጠረችው። የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ከመሄዴ በፊት አንድ ጊዜ ልውቀረው፤ ‹ህምም› እያለ ነው እኮ! እዚህ ሆኜ ይሰማኛል።»

«ካርዱን አንገትሽ ላይ እያየሽ እንዴት ትሰሚያለሽ?» አሉ አቶ ቢያድግልኝ፤ እውነትም ግራ ገብቷቸው ነበር።

መብራት ሲጠፋ ከሚነሣው የናፍጣ ሞተር የሚወጣው የተቃጠለ ዘይት፣ በቦይ ወርዶ ከግቢው ጀርባ ወዳለው ጅረት ይገባል። ይህ በጥናቱ አልተካተተም። የሥርዓቱ ወሰን አጥሩ ድረስ ነው ተብሎ ተጽፏልና፣ ዘይቱ አጥሩን እስኪያልፍ ድረስ ብቻ ቆሻሻ ነው፤ ካለፈ በኋላ የጅረቱ ጉዳይ ነው። ቁልቁል ያሉት ከብቶች ይህን ወሰን አያውቁም፤ እነርሱም ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል። እዚህ ላይ ደሙ የሚፈላ አንባቢ ቢኖር ይረጋጋ፤ ለቁጣ የተዘጋጀ ቅጽ የለም።

በሀብትነሽ ቦታ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ ሰርተፍኬት ያገኘ ሰው ተተካ። ስሙ ይስማው ነው። ምኑን ይስማው እንደተባለ ግን እናቱ ትወቅ፤ ድንጋዩን አይሰማም። መመሪያው «ድንጋዩ በየሦስት ወሩ ይወቀር» ስለሚል፣ የየካቲቱ ድንጋይ እስከ ግንቦት አልደከመም ተብሎ ተፈረመ። ድንጋዩ መፈረሙን አልሰማ ኖሮ በመጋቢት ደከመ።

የመጀመሪያው አቤት ባይ የኔታ አካለ ወልድ ነበሩ። የኔታ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰማንያ ቀርቧል፤ አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ይዞ ሲገኝ ዐይናቸው የሚበራ፣ እንዲህ ያለውንም ቃል «ኅብር» እያሉ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ዱቄታቸውን ይዘው ተመለሱ።

«ይህ ዱቄት ነው ጠጠር?»

ስጦታው ደስ አለው። ሥርዓቱ ከተጀመረ ወዲህ የመጀመሪያው ቅሬታ ነበር። ወንበር አቀረበላቸው።

«የኔታ፣ የችግሩን ሥር ለማግኘት አምስት ጊዜ ‹ለምን› ተብሎ ይጠየቃል። ዱቄቱ ለምን ሻከረ?»

«ድንጋዩ ስለዶለዶመ።»

«ለምን ዶለዶመ?»

«ስላልተወቀረ ነዋ!»

«ለምን አልተወቀረም?»

«ወቃሪዋ ዶሮ ስለምትቆጥር።»

«ለምን ዶሮ ትቆጥራለች?»

«አንተ ቁጠሪ ስላልኻት!»

«አራት ደርሰናል። እኔ ለምን አልኋት?»

የኔታ ቀና ብለው አዩት። «ይህን እንኳ ልጄ፣ እኔም ፈጣሪን ስጠይቅ ከርሜአለሁ» አሉ።

ስጦታው በጥንቃቄ ጻፈ። የችግሩ ሥር፦ ፈጣሪ። የእርምት እርምጃ የሚወስደው አካል፦ ፈጣሪ። የሚጠናቀቅበት ቀን፦ ወደፊት የሚገለጽ። ከዚያም «እዚህ ላይ ይፈርሙ» አላቸው።

«ማን ይፈርም?»

«እርስዎ፤ በውክልና።»

የኔታ ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ። በሩ ላይ ሀብትነሽን ከበርጩማዋ ላይ አገኟት፤ አንገቷ ላይ ካርዱ፣ ጉልበቷ ላይ መዝገቡ።

«ስንት ገቡ ዛሬ?» አሏት።

«ሠላሳ አንድ ገቡ፣ የኔታ። ሠላሳ ሁለት ወጡ።»

«አንዱ ከየት መጣ?»

«እኔ እንጃ። ሲፈለፈሉ አላሳወቁኝም።»

ሁለቱም ሳቁ፤ የሀብትነሽ ሳቅ ግን ቶሎ ቆመ። ከወፍጮው በኩል ‹ህምም› የሚል ድምፅ መጥቶ ነበርና ራሷን ዘንበል አደረገች።

ሌሎች አስፈጪዎችም አጉረመረሙ። አቶ ቢያድግልኝ ሰበሰቧቸውና «ጤፍ እንደ ሆነ አይነቅዝም፤ ሥርዓቱ እስኪጠና ቢጠብቅ ምን ይሆናል?» አሉ። ሕዝቡም «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ያውቃልና ዝም አለ። የማይነቅዝ ሰውና የማይነቅዝ እህል እንዲህ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ማኅበሩም ይህን «የደንበኛ እርካታ፦ መቶ በመቶ» ብሎ መዘገበ።

በሚያዝያ መጨረሻ፣ ሰርተፍኬቱ ለማኅበሩ ይገባ እንደሆነ የምታጣራ መርማሪ መጣች። ሄለን ትባላለች፤ ከባሕር ዳር የመጣች፣ ጫማዋ አቧራ የማይፈራ፣ ጥያቄዋ አጭር የሆነ ሴት ናት። አቶ ቢያድግልኝ ግቢውን አስጠርገው፣ ዶሮዎቹን አስከትተው፣ ሀብትነሽን ከማድ ቤቱ ጀርባ አስቀምጠዋል። አስፈጪ መኖሩ እንዲታይም የኔታን ከነጤፋቸው አስጠርተዋል። ሰባት ፋይሎች ጠረጴዛው ላይ በሪባን ታስረው ተደርድረዋል።

«የተቃጠለው ዘይት የት ይሄዳል?» አለች ሄለን ገና ሳትቀመጥ።

«ከወሰናችን ውጭ» አለ ስጦታው በኩራት።

«ከወሰናችሁ ውጭ የት?»

«ወደ ጅረቱ።»

ሄለን ጻፈች። ስጦታው አጻጻፏን አልወደደውም።

«ፋይሉን ኋላ አየዋለሁ። እስቲ ሲፈጭ ልይ።»

በክፍሉ ውስጥ ድንጋጤ ሆነ። መርማሪ ወፍጮ ቤት መጥቶ ሲፈጭ ልይ ይላል ብሎ ማንም አልጠረጠረም፤ በዕቅዱም ውስጥ አልነበረም። ይስማው መመሪያውን ገጽ አርባ አንድ ላይ ገልጦ፣ በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው ሞተሩን አስነሣ። የየኔታ ጤፍ ተጨመረ። ድንጋዩ መጀመሪያ ‹ህምም› አለ። ከዚያ ‹ቀርርር› አለ። ከዚያ የተቃጠለ ነገር ሸተተ፤ ጭስም ወጣ።

«ድንጋዩ ምን ሆኖ ነው?» አለች ሄለን ድምፁን ለማሸነፍ እየጮኸች።

ይስማው ገጹን ገለጠ። «እንዲህ የሚል ድምፅ እዚህ የለም!»

«አጥፋው! አጥፋው!» አሉ አቶ ቢያድግልኝ።

ጠፋ። ሄለን አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ይህን ድንጋይ የሚያውቅ ሰው የለም እዚህ ቤት?»

ስጦታው ሦስተኛውን ፋይል ፈታ፤ አቶ ቢያድግልኝ ጣራውን አዩ። የኔታ ግን ከግድግዳው ሥር ከተቀመጡበት ቀስ ብለው ተነሡ፤ ከዘራቸውንም ወደ ቀዩ ጽሑፍ ቀሰሩ።

«መልሱን እኮ የበሬ ጭንቅላት በሚያህል ፊደል ጽፋችሁታል!»

ሁሉም ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«ጥራት» ብለው አነበቡ አቶ ቢያድግልኝ። «አዎ፣ ጥራት። እርሱማ መሪ ቃላችን ነው።»

«ጥራት!» አሉ የኔታ።

«ይኸው፣ ጥራት አልን እኮ፣ የኔታ።»

«ኧረ ጥራት፣ አንተ ሰው! ከማድ ቤቱ ጀርባ ናት! ሂድና ጥራት! ኅብር ጽፈህ ሰሙን ብቻ ይዘህ ትዞራለህ እንዴ? ወርቁ ዶሮ እየቆጠረ ነው!»

ሄለን ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ይስማው እንደ ስሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ይሄን ነው፤ ሮጦ ሄደ።

ሀብትነሽ ካርዷን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መጣች። ማንንም አላየችም። የድንጋዩን ጎን ዳበሰችው፤ «እኔን!» አለችው። የላይኛውን ድንጋይ አንሥታ፣ መውቀሪያዋን ይዛ ጠቅ ጠቅ ስታደርግ እኩለ ቀን አለፈ። ሄለን በዶሮዎቹ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ሞተሩ ሲነሣ ድንጋዩ ‹ሽሽሽ› አለ። ሄለን ዱቄቱን በሁለት ጣቷ አሸችውና «እሰይ!» አለች።

ስጦታው ብዕሩን ይዞ ተጠጋ፤ «ይህን በጽሑፍ ቢያደርጉልን?»

ያኔ ሄለን ተቆጣች። «የትኛው ደረጃ ነው ጆሮ ላይ ካርድ አንጠልጥሉ የሚለው? የሚያውቀውን ሰው ዕውቀት ያዙ፣ ጠብቁ፣ ለሌላው አስተላልፉ ነው የሚለው። ቆሻሻችሁን ከጅረት አርቁ ነው የሚለው። አንብባችሁታል?»

«አስተርጉመን ፋይል አድርገነዋል» አሉ አቶ ቢያድግልኝ።

«አንብባችሁታል ወይ?»

«እንዴት እናንብበው? ቁጥጥር የሚደረግበት ሰነድ ነው፤ ማንም እንዳይነካው ቆልፈንበታል!»

ሄለን የዘይቱን ቦይ እንዲዘጉ፣ ሀብትነሽንም በአንድ ወር ውስጥ ወደ ድንጋዩ እንዲመልሱ ጽፋ ሄደች።

አቶ ቢያድግልኝ ትእዛዝ አክባሪ ሰው ናቸው። የመኪናዋ አቧራ ሳይበርድ ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴውም በሦስት ሳምንት ውስጥ ዐሥራ አራት ገጽ ያለው ሰነድ አወጣ፦ «ሀብትነሽን ወደ ድንጋይ የመጥሪያ ሥነ ሥርዓት»። በዚህ መሠረት ሀብትነሽ የምትጠራው ሦስት ፊርማ ሲሟላ ነው። ሁለቱ ወዲያው ተገኙ። ሦስተኛው የአማካሪው ነው፤ እርሱ ደግሞ ያን ጊዜ ግንደወይን ለአንድ ዳቦ ቤት ባነር እየሰቀለ ነበር።

ሀብትነሽ ከበርጩማዋ ተቀምጣ ጠበቀች። ሰኔ ገባ። ድንጋዩ እንደገና ‹ህምም› አለ። ተነሥታ ወደ በሩ ብትሄድ ይስማው እጁን ዘረጋ። «ገና አልተጠራሽም፣ እመት ሀብትነሽ። በእኔ አትፍረጂ።»

«ይጣራል እኮ!»

«ማን?»

«ድንጋዩ!»

«እርሱ የመፈረም ሥልጣን የለውም» አለ ይስማው፤ አንገቱን ደፍቶ።

ያን ዕለት ስልኳ ጮኸ። ደዋዩ ረጅም ነገር አላወራም፤ እርሷም «እሺ» ከማለት ሌላ አልተናገረችም። ካርዱን ከአንገቷ አውልቃ፣ ከደጁ ቆማ ለምታያት አንዲት ቀይ ዶሮ አንገት ላይ አሰረችው፤ መውቀሪያዋን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች። በመዝገቡ የመጨረሻ መስመር ላይ በገዛ እጇ ጽፋለች፦ የወጣ፣ አንድ።

ዓመቱ ሲዞር አቶ ቢያድግልኝ የእኒያን የማያውቋቸውን ሟች ሙት ዓመት ለመድረስ እንደገና ሞጣ ሄዱ። ከድንኳኑ እንደወጡ በቀጥታ ወደዚያ ወፍጮ ቤት ገሰገሱ። አጥሩ ራቁቱን ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የአስፈጪው ሰልፍ እስከ አስፋልቱ ደርሷል። የቦዩ አፍ ላይ አንድ በርሜል ተደቅኖ ዘይቱን ያጠራቅማል። ዘበኛው ያው ነው።

«ባነራችሁስ?» አሉ አቶ ቢያድግልኝ።

«ያውና፣ ጌታዬ፤ መሬት ላይ ተነጥፎ በርበሬ ተሰጥቶበታል። መልካም ሸራ ነው።»

«ሥልጠናውስ?»

«አለቀ።»

«ምን ተማሩበት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ብቻ አንዲት ሴት ከቢቸና አስመጡ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ሞልቷል።»

ከውስጥ ‹ሽሽሽ› የሚል ድምፅ ይመጣል። አቶ ቢያድግልኝ አልሰሙትም። ዐይናቸው ከበርበሬው አልተነቀለም፤ የሞጣ ባነር ወርዷል።

በማግስቱ ቢቸና ላይ ጠቅላላ ጉባኤ ጠሩ። «ክቡራንና ክቡራት!» አሉ። «ሞጣ ባነሩን አውርዷል! በዛሬው ዕለት በዚህ አካባቢ ባነሩ የተሰቀለለት ብቸኛው ወፍጮ ቤት የእኛ ነው! ቀድመናል!» አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ወፍጮው ከቆመ ወራት ስለሆነው ጭብጨባው እስከ ገበያው ድረስ ጥርት ብሎ ተሰማ።

የኔታ አካለ ወልድ ወደ ሞጣ ለሚሄድ ዘመድ ጤፋቸውን አስጭነው ሲመለሱ፣ አቶ ቢያድግልኝ ከጉባኤው ወጥተው በኩራት አስቆሟቸው፤ ቀዩንም ጽሑፍ በጣታቸው አሳዩአቸው።

«አዩ፣ የኔታ? ጥራት ማለት እንግዲህ ይኼ ነው!»

«አዎን» አሉ የኔታ። «እናንተ ጥራት ብላችሁ ጻፋችሁ። ሞጣዎች ጠሯት።»